«ስልኩን ይውሰዱባት» ያልኩት እኔ ነኝ

የዛሬው ጽሑፌ ትንሽ ረዘም ይላል። ልጅ ያላችሁ፣ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ያላችሁ፣ ወይም እንደኔ ከልጆች ጋር የምትውሉ ከሆነ ግን እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ የስፖርት መምህር ነኝ። ዲፕሎማዬን ይዤ ሜዳ ላይ ፊሽካ ስነፋ አሥር ዓመት አልፎኛል። የሥነ ልቦና ባለሙያ አይደለሁም፤ የሕግ ሰውም አይደለሁም። ዛሬ የምጽፈው እኔ ራሴ ካጠፋሁት ጥፋት ተነስቼ ነው።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጆቹን ሜዳውን እያስሮጥኩ ሳለ አንዱ ተማሪ ከጎን ሆኖ የአንዲት ልጅ ፎቶ አነሳ። ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ግን ያው ታውቁታላችሁ፣ ካልሲ ውስጥም ተደብቆ ይገባል። ማታ ላይ ፎቶው ስቲከር ሆኖ የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ። ልጅቷ ወፈር ያለች ናት። በድካም ፊቷ ተጨማዷል፤ ከሥሩ «ቦቴ መጣች፣ መንገድ ልቀቁ» ተብሎ ተጽፎበታል።

እኔም ግሩፑ ውስጥ ነበርኩ። የፈተና ቀንና የስፖርት ትጥቅ ነገር እንድነግራቸው ብለው ያስገቡኝ ልጆቹ ናቸው። ስቲከሩን አየሁት። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? የሚስቅ ኢሞጂ አስቀመጥኩበት። ክፋት አስቤ አልነበረም። አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ አየሁት፣ ፈገግ አልኩ፣ ነካ አድርጌ አለፍኩ። በቃ።

በሳምንቱ ስቲከሩ ሌሎች ሴክሽኖች ጋ ደረሰ። ከዚያ ማን እንደሚመራው የማይታወቅ አንድ የ«ኮንፌሽን» ቻናል ላይ ወጣ፤ «ቦቴ ስንት ኪሎ ናት?» ተብሎ ድምፅ መስጫ ተከፈተበት። ልጅቷ ስፖርት ባለ ቁጥር ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። ቀጥሎ መቅረት ጀመረች። በመጨረሻ «ወላጅ አምጪ» ተባለችና አክስቷ መጡ። እናቷ ዓረብ አገር በሰው ቤት ሥራ ላይ ስለሆነች የሚያሳድጓት እሳቸው ናቸው።

«መምህር፣ ይቺ ልጅ ምን ሆነችብኝ? ሌሊቱን ስልክ ላይ አፍጥጣ ታድራለች፤ ጠዋት አልነሳም ትላለች» አሉኝ። እኔም እንደ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «እትዬ፣ ችግሩ ስልኩ ነው። ስልኩን ይውሰዱባትና ያዩዋታል፣ ትስተካከላለች» አልኳቸው። አመስግነውኝ ሄዱ። ስልኩንም ወስደው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። በሁለተኛው ሴሚስተር ልጅቷ ትምህርት ቤት ቀየረች። እኔም ረሳኋት።

በቅርቡ በሜሴንጀር ጻፈችልኝ። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፣ ሥራም ይዛለች። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ድሮ ጓደኞቿ አወራን፤ ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ ስቲከሩን ረስቼዋለሁ። ስልኩን ግን አልረሳሁትም። እማዬ የምትደውልልኝ አሠሪዎቿ ከተኙ በኋላ በኢሞ ነበር። ሌሊት የማፈጠው እሷን ስጠብቅ ነው። ስልኩ ከተወሰደ በኋላ እሑድ እሑድ በአክስቴ ስልክ፣ አክስቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ነበር የማወራት። የሰደቡኝ ልጆች ግን ስልካቸው ከእጃቸው አልወጣም።»

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም ታዲያ?» አልኳት።

«ግሩፑ ላይ ሲስቁ አይቼዎታለሁ» አለችኝ።

ይህን እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ማን እንደሆነች፣ የት እንደሆነ አልናገርም፤ በውስጥ መስመርም እንዳትጠይቁኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳወጣ ሳወርድ የደረስኩበት ሐሳብ አንድ ነው። ልጅ በስልኩ በኩል ጥቃት ሲደርስበት እኛ አዋቂዎች መጀመሪያ የምናደርገው ነገር ብዙ ጊዜ የሚቀጣው የተጠቃውን ልጅ ነው። ልጆቹም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ አይነግሩንም። እኛ ደግሞ «የዛሬ ልጅ ምስጢረኛ ሆነ» እንላለን። ምስጢረኛ ያደረግነው እኛው ነን።

አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ «አንተ ደግሞ አካበድከው! እኛስ ስም ሲወጣልን፣ ሙድ ሲያዝብን አይደል ያደግነው? ምን ሆንን?» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ለእኔም ስም ወጥቶልኝ ነበር። ጥርሴ ገጠጥ ስላለ የወጣልኝን ስም እዚህ አልጽፈውም፤ አብሮ አደጎቼ ታስታውሱታላችሁ። ግን አንድ ልዩነት አለ። ደወል ሲደወል ያ ስም የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይቀር ነበር። ቤት ስገባ የእናቴ ልጅ ብቻ ነኝ። የዛሬ ልጅ ግን ቤቱ ገብቶ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖም ስሙ ይከተለዋል። ደግሞ እኔን የሚሰድቡኝ አምስት ስድስት ልጆች ነበሩ። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል።

ዳን ኦልዌስ የሚባል ኖርዌይ ውስጥ የሠራ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ነበር። በተማሪዎች መካከል ያለን ጥቃት ከተራ ጠብ የለየበት መንገድ ቀላል ነው፦ ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው፣ ይደጋገማል፣ የጉልበት አለመመጣጠንም አለበት። ስልክ ሲገባበት «ይደጋገማል» የሚለው ነገር መልኩን ይቀይራል። ስቲከሩን የሠራው ልጅ አንዴ ነው የላከው። የደጋገሙት ፎርዋርድ ያደረጉት ናቸው፤ የሳቁበት ናቸው፤ እኔም ነኝ። ለዚህ ነው «እኔ ምን አደረግኩ? ሳቅኩ እንጂ አልሰደብኩ» የሚለው መልስ የማይሠራው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ!

ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አንዴ በእኩዮቹ ጥቃት እንደደረሰበት ገልጿል። የእኛ የራሳችን የሆነው መልስ አሰጣጣችን ነው። ከወላጆችም ከመምህራንም ደጋግሜ የምሰማቸውን፣ እኔም ስላቸው የኖርኩትን አራት ንግግሮች ላንሳ።

አንደኛ፦ «ምን አድርገሽ ነው?» ይህ ጥያቄ ፍርድ ነው። ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ጥፋተኛ ሆና ትቆማለች። ፎቶ ልካ ሊሆን ይችላል፣ ከማይሆን ሰው ጋር አውርታ ሊሆን ይችላል። ስለሱ የምታወሩበት ቀን ይመጣል። ዛሬ ማታ ግን አይደለም።

ሁለተኛ፦ «ናቀው፣ ተወው፣ ራሱ ያልፋል።» አንዳንዱ ያልፋል፣ እውነት ነው። ግን ልጁ ለእናንተ ለመንገር ስንት ቀን ሲያመነታ ሰንብቶ ነው የመጣው። ትቶት የሚተው ቢሆን ኖሮ እናንተ ጋ አይደርስም ነበር።

ሦስተኛ፦ «ወንድ አይደለህ? አንተም ምታው!» ወንዶች ልጆቻችንን በዚህ በጣም እንጎዳቸዋለን። እንኳን ሊመታ፣ የሚሰድበው ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም እኮ! የውሸት ስም፣ የውሸት ፎቶ ነው። ደግሞ መትቶ ሲገኝ የሚባረረው እሱ ነው።

አራተኛው የእኔው ነው፦ «ስልኩን አምጪ።» እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ፣ ስልክ ገደብ አያስፈልገውም እያልኩ አይደለም። በሰላሙ ቀን ለቤቱ ልጅ ሁሉ እኩል የወጣ ሕግ፣ ለምሳሌ ማታ ስልክ ሁሉ ሳሎን ያድራል የሚል፣ ጥሩ ነው። አባትም የራሱን ቢያስቀምጥ ይበልጥ ጥሩ ነው። ጥቃት በደረሰ ማግስት ከተጠቃው ልጅ እጅ የሚወሰድ ስልክ ግን ቅጣት ነው። ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። ልጁ ስለሱ ምን እየተባለ እንደሆነ አያውቅም፤ ሌላው ሁሉ ግን ያውቃል። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ፣ እንዳየነው፣ እናቱ ያለችው እዚያ ስልክ ውስጥ ነው። በዚህ አገር ስንት ልጅ እናቱን በኢሞ እያየ እንደሚያድግ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ? አምና የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ተማሪዬን ያልታወቀ አካውንት የተቀናበረ ፎቶውን ልኮ «ብር ካልላክህ ለዘመዶችህ ሁሉ እበትነዋለሁ» አለው። ልጁ ሁለት ቀን ምግብ አልበላም። በሦስተኛው ቀን ለአባቱ ነገራቸው። አባትየው ሚኒባስ ሹፌር ናቸው፤ ስለ ቴሌግራም ብዙም አያውቁም። ያሉት ግን ይህን ብቻ ነው፦ «የነገርከኝ ጥሩ አደረግህ። አብረን እናየዋለን።» በማግስቱ ጠዋት ሥራቸውን አቁመው ልጃቸውን ይዘው እኔ ጋ መጡ። ብር አልላኩም፣ ልጁንም አልተቆጡም። ማስረጃውን ያዝን፣ አካውንቱን ሪፖርት አደረግን፣ ፖሊስ ጋ ሄደው አመለከቱ። ሰውየው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፤ አካውንቱ ግን ተዘግቷል። ልጁ አንድም ቀን ከትምህርት አልቀረም። ለእኔ ትልቁ ውጤት ይህ ነው። ይህን ውጤት ያመጣው ደግሞ የአባትየው የመጀመሪያ ንግግር ነው።

ከዚህም ከሌላም የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። ስክሪንሹት አድርጋችሁ ያዙት።

1. መጀመሪያ ስሙት። ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። «የነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ፣ አልቆጣሽም» በሏት፤ ደግሞም አትቆጡ። ቃላችሁን ያፈረሳችሁ ቀን ሁለተኛ አትነግራችሁም።

2. ከመሰረዛችሁ በፊት ማስረጃ ያዙ። ቴሌግራም ላይ የላከው ሰው የግል መልእክቱን ከእናንተም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ስለዚህ ቶሎ ስክሪንሹት አድርጉ፤ የአካውንቱ ስም፣ ቀንና ሰዓቱ ይታይ። የቻናሉን ወይም የግሩፑን ሊንክ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ብሎክ ማድረግና ከግሩፕ መውጣት ከዚህ በኋላ ይደረሳል።

3. የዕርቃን ፎቶ ከሆነ ግን ይህን በጣም አስተውሉ። ፎቶውን ራሱን «ማስረጃ ነው» ብላችሁ ለአጎት፣ ለመምህር፣ ለጎረቤት አትላኩ። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ወሲባዊ ምስል መያዝም ማስተላለፍም በሕግ ከባድ ወንጀል ነው፤ ልጁንም ሁለተኛ ማዋረድ ነው። ሊንኩ፣ የአካውንቱ ስምና የማስፈራሪያው ጽሑፍ ይበቃል።

4. ብር አትላኩ፣ አትለማመጡም። አንዴ የከፈለን ሰው ሁለተኛ ይጠይቁታል። ስድብ በስድብም አትመልሱ፤ ነገ ማስረጃው በእናንተ ላይ ይቆጠራል።

5. ሪፖርት አድርጉ፣ ከዚያ ብሎክ። ቲክቶክም ፌስቡክም ቴሌግራምም ሪፖርት የሚደረግበት ቦታ አላቸው። ከ18 ዓመት በታች ሆኖ ለተነሳ የዕርቃን ፎቶ ደግሞ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነፃ አገልግሎት አለ፤ የሚያስተዳድረው የጠፉና ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ላይ የሚሠራ የአሜሪካ ማዕከል ነው። ፎቶው ከስልካችሁ ሳይወጣ እንደ አሻራ ያለ መለያ ይወሰድና እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ያሉ ተሳታፊ ድርጅቶች በዚያ መለያ ፈልገው እንዲያወርዱት ይደረጋል። ሰው በግል የሚቀባበለውን ሁሉ አያገኝም፤ ግን ምንም ከማጣት ብዙ ይሻላል።

6. የቴሌግራም ሴቲንጋችሁን ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ እዩት። ማን ግሩፕ ውስጥ ሊያስገባኝ ይችላል፣ ማን ስልክ ቁጥሬንና ፎቶዬን ያያል የሚሉት ላይ «ሁሉም ሰው» የሚለውን ቀይሩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

7. ሕግ እንዳለ እወቁ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ይባላል። አንቀጽ 13 በጽሑፍ፣ በድምፅ፣ በቪዲዮ ወይም በምስል ሰውን ወይም ቤተሰቡን ማስፈራራትን፣ መረጃ ደጋግሞ በመላክ ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና መፍጠርንም በእስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 12 ደግሞ ከላይ ያልኩትን የልጆች ምስል ጉዳይ ይመለከታል። ክፍል ውስጥ የተሠራን ስቲከር ሁሉ ይዘን ፖሊስ ጣቢያ እንሩጥ ማለቴ አይደለም። ማስፈራሪያ፣ ብር መጠየቅና የዕርቃን ፎቶ ሲመጣ ግን «የልጆች ነገር ነው» ብሎ ማለፍ የለም።

አሁን ወደ እኛ ወደ መምህራን ልምጣ። ሁለት ልማዳችን ያሳስበኛል።

አንዱ «በሉ ተቃቀፉና ታረቁ» የምንለው ነገር ነው። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ውስጥ ሁለቱን ልጆች አቁመን፣ እጅ አጨባብጠን፣ «ከእንግዲህ እንደ እህትና ወንድም» ብለን እንሸኛቸዋለን። እርቅ ትልቅ ባህላችን ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን እርቅ የተጣሉ ሰዎች ነገር ነው። ይቺ ልጅ ከማንም ጋር አልተጣላችም! የተጣላ በሌለበት ስናስታርቅ የጥፋቱን ግማሽ እሷ ላይ ጫንን ማለት ነው። መጀመሪያ ያጠፋው ልጅ የለጠፈውን ያውርድ፣ የላከላቸውን ልጆች «አጥፉት፣ ጥፋቴ ነው» ይበል፣ ቅጣቱንም ይቀበል። እርቁ እሷ ስትፈልግ ይደርሳል።

ሁለተኛው ሰልፍ ላይ ማውራት ነው። «አንዲት ተማሪያችን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጓል» ብሎ ጠዋት ባንዲራ ሥር መናገር ሳያውቅ ለቆየው ተማሪ ሁሉ ማስተዋወቅ ነው። የሚያስፈልገን በግል መጥራት፣ ማስረጃ ማየት፣ የሁለቱንም ወላጆች ለየብቻ ማነጋገር ነው።

የአጥፊው ወላጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ልጃችሁ ሰው ላይ እንዲህ አደረገ ተብላችሁ ስትጠሩ «የእኔ ልጅ አያደርገውም» አትበሉ። ቀበቶም አታንሱ። የተመታ ልጅ የሚማረው ጉልበት ያለው ልክ እንደሆነ ነው፤ ያንን ደግሞ ቀድሞም ያውቀው ነበር። ቁጭ አድርጋችሁ «ይህ ፎቶ የእህትህ ቢሆንስ?» በሉት። ዝም ብላችሁ መልሱን ጠብቁ። ከዚያ ያበላሸውን እንዲያስተካክል አብራችሁት ቁሙ።

እኔ ምን ቀየርኩ? ትንንሽ ነገር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ የክፍሌን የግሩፕ ሕግ ከልጆቹ ጋር እናወጣለን፤ የመጀመሪያው «የሰው ፎቶ ሳይፈቅድ ስቲከር አይሆንም» ይላል። መጥፎ ነገር ሲለጠፍ ካየሁ እዚያው «ይህ ይውረድ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ለተለጠፈበት ልጅ ደግሞ በግል «አይቼዋለሁ፣ አብሬህ ነኝ» እላለሁ። ሜዳ ላይም ሁለት አምበል አውጥቼ ተጫዋች ማስመረጥ አቁሜያለሁ። ሁሌ መጨረሻ ላይ ተመርጣ የምትቀር ልጅ እንዳለች አስተውዬ አላውቅም ነበር። አሁን እኔው በቁጥር እከፍላቸዋለሁ።

አክስቷን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። «እኔስ መምህር ብለውኝ እኮ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። መምህር ስላሉኝ ነው ያመኑኝ።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከእናንተ መካከል እኔ ባለሁበት ግሩፕ የተሳቀበት፣ እኔ እያየሁ ያለፍኩት ሰው ካለ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ዘግይቻለሁ፣ ግን እሰማለሁ። የሠራችሁትም ብትሆኑ፣ ያቺን ልጅ ዛሬ ፈልጋችሁ «ይቅርታ» ብትሏት አይመሽም።

ወላጆች ደግሞ ዛሬ ማታ ምንም ሳይፈጠር፣ እራት ላይ፣ ልጆቻችሁን እንዲህ በሏቸው፦ «ስልክሽ ላይ የሚያስፈራሽ ነገር ቢመጣ ንገሪኝ። ስልኩን አልወስድብሽም።» ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ።

እናንተስ? ልጃችሁ ወይም ተማሪያችሁ እንዲህ ሲገጥመው ምን አደረጋችሁ? የሠራላችሁንም ያልሠራላችሁንም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የማንንም ስም ግን አትጥሩ።

ቸር ያሰንብተን።